መርፌዋን እይልኝ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? ባለፈው ደረጃ ስወጣ ይቆረጥመኛል ብለሽኝ ነበርና አሁን ሻል አለሽ ወይ? እንቅልፍሽስ ተመለሰ? የምትጦሪያቸው አሮጊት ዛሬም ማንኪያ ይወረውሩብሻል ወይስ ለመዱሽ? እኛ እዚህ አለን፤ ፈጣሪ ይመስገን። ናፍቆትሽ ግን እንደ ጥርስ ሕመም ሆኖብናል፤ ረስተነው እንውልና አንዳች ነገር ስንነክስ ይነሳል።

ባለፉት ሳምንታት በደወልሽ ቁጥር ድምፄ እንዳላማረሽ ነግረሽኛል። «ምን ደብቀኸኛል?» ስትዪኝ «ምንም» እያልኩ ዘግቻለሁ። ዋሽቼሻለሁ፤ ይቅር በዪኝ። ስልኩ በጮኸ ቁጥር እማዬ መጥታ አጠገቤ ስለምትቀመጥ ነው፤ ነገሩ ደግሞ እሷ ፊት የሚነገር አይደለም። ዛሬ ባለቤቴ ቤት ስለዋለች እማዬን ለሷ ትቼ፣ ሱቁን ገርበብ አድርጌ፣ መስታወት የምቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ ወረቀቴን ዘርግቼ ተቀምጫለሁ። ከመጀመሪያው ነው የማጫውትሽ፣ ረጋ ብለሽ አንብቢው። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ እማዬ በሕይወት አለች፣ ትበላለች፣ ትስቃለች። ይህን ይዘሽ ቀጥዪ።

የአባዬን መኪና መቼም አትረሻትም። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷን ይዛለች፤ ቀለሟ ተላልጦ የቱ የራሷ የቱ የጥገና እንደሆነ አይለይም። አባዬ ካረፈ በኋላ እንሽጣት ብል እማዬ «እኔን አስቀድመህ ሽጠኝ» አለችና ነገሩ በዚያው ቀረ። ኋላ ላይ ጠቀመችኝ። ጣሪያዋ ላይ የእንጨት መደገፊያ ሠርቼላት የመስኮት መስታወት ለደንበኛ የማደርሰው በሷ ነው። የናፍጣ ሞተር የሽማግሌ ጠባይ አለው፤ ለመነሳት ያዛጋል፣ ለመሞቅ ይዘገያል፣ አንዴ ከተነሳ ግን ቀኑን ሙሉ አልደከመኝም ብሎ ይሄዳል።

ከሁለት ወር በፊት አንድ ትልቅ የሱቅ መስታወት ጭኜ ወደ ላይኛው ሰፈር ዳገቱን ስወጣ ከኮፈኑ ስር እንፋሎት ቡልቅ አለ። ዳር ይዤ አቆምኩ። እኔን የገረመኝ ግን ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የሙቀት መርፌ ናት። ሞተሩ እየፈላ እሷ ከመሃል በታች ተኝታለች። የነገሯትን ሁሉ ሰምታ ምንም እንዳልሆነ የምታስመስል ሴት ትመስል ነበር።

ወደ ጋሽ ጸጥታ ወሰድኳት። የአባዬ መካኒክ፣ ሞተር ሲያዳምጡ ጋራዡን በሙሉ «ጸጥታ!» እያሉ ስለሚያስፈራሩ ስሙ የወጣላቸው ሰውዬ ናቸው፤ ታስታውሻቸዋለሽ። የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው አዩና ውሃ ጎድሏል አሉኝ። ወዴት እንደሚሄድ ግን ሊያገኙት አልቻሉም፤ ከስር ጠብታ የለም። ስለ መርፌዋ ስጠይቃቸው «እሷ የምትለካው ውሃውን ነው ልጄ። ውሃው ሲጎድል የምትነከርበት ስለማይኖራት ቀዝቅዟል ትልሃለች። ቤቱ እየተቃጠለ ሁሉ ሰላም ነው የሚል ዘበኛ በላት» አሉኝ።

ስለዚህ አንዲት ትንሽ መሣሪያ ገጠሙልኝ። ሽቦዋ ከራሱ ከሞተሩ ብረት ጋር በብሎን ታስሯል፤ ዳሽቦርዱ ላይ ደግሞ ሙቀቱን በቀይ ቁጥር ታሳያለች። በቀጥታ ከባትሪው ጋር ስለተያያዘች መኪናዋ ጠፍታም እሷ አትጠፋም። ጎኗን ነካ ስታደርጊያት ሞተሩ እስካሁን የደረሰበትን ከፍተኛውን ቁጥር ትነግርሻለች፤ ረዘም አድርገሽ ስትጫኚያት ያን ትረሳና እንደ አዲስ ትጀምራለች። ጋሽ ጸጥታ «ከሰማንያ እስከ ዘጠና ጤና ነው። ዘጠና አምስት ካለህ እግርህን ከነዳጁ አንሳ። መቶ አምስት ካለህ የትም ሁን የትም አጥፋው፤ ብረቱ ይጣመማል» ብለው መከሩኝ። ደብተር ይዤ ጠዋት ከመነሳቴ በፊት፣ ዳገቱ ጫፍ ላይና ወደ ቤት ስመለስ ቁጥሩን እንድጽፍም አዘዙኝ። ከልጄ ደብተር ባዶ የቀረውን ግማሽ ወስጄ መጻፍ ጀመርኩ።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ነው ነገሩ የመጣው። ረቡዕ ቀን ነበር። ከማክሰኞ ወዲህ መኪናዋን አልነካኋትም። ጠዋት አይቻት አሥራ ዘጠኝ ዲግሪ ብዬ ጽፌ፣ የደረሰችበትን ከፍተኛ ቁጥር እንደ ልማዴ አስረስቻት ነበር። አሥር ሰዓት ላይ አንድ ደንበኛ መስኮት ለካልኝ ብሎ ቢጠራኝ የምናቆምበትን የቆርቆሮ ቤት ከፈትኩ። የተቃጠለ ናፍጣ ሽታ ፊቴን መታኝ። ቀዩ ቁጥር ስልሳ አንድ ይላል። ከፍተኛውን ብጠይቃት ሰባ ሁለት አለችኝ። እጄን ኮፈኑ ላይ አሳረፍኩ፤ ሰው አሁን እንደተነሳበት አልጋ ይሞቃል።

በሩ ተቆልፎ ነበር፤ ቁልፎቹም እኔ ኪስ ውስጥ ነበሩ። ኪሎሜትሯን አየሁ፤ ማክሰኞ ከጻፍኩት አንዲት ቁጥር አልጨመረችም። ሌላው የበሩና የመኪናው ቁልፍ የአባዬ ነው፤ እሱ ደግሞ ካረፈ ጀምሮ እንደጠፋ ነው። ኮቱን፣ መሳቢያውን፣ ፍራሹን ሳይቀር ገልብጠን ፈልገን ያጣነውን አብረን አይተናል።

ከሰዓት በኋላ ቤት ማን እንደሚኖር ታውቂያለሽ። ባለቤቴ የከሰዓት ፈረቃ ታስተምራለች፤ ልጄ ትምህርት ቤት ናት፤ እኔ ከመንገድ ማዶ ሱቄ ውስጥ ነኝ፤ የመስታወቱን ጠርዝ የሚሞርደው ማሽን ሲዞር ደግሞ ጆሮዬ ስር ቢጠሩኝም አልሰማም። የምትቀረው እማዬ ናት፤ እማዬ ደግሞ በዕድሜዋ መሪ ጨብጣ አታውቅም። ቢሆንም ማታ «ዛሬ መኪናዋን የነካ ሰው ነበር?» ብዬ ጠየቅኳት። ሽንኩርት እየላጠች ነበር፤ ቀና እንኳን ሳትል «ከአባትህ በቀር ማን ይነካታል» አለችኝ። የሐዘን ነገር ነው ብዬ አለፍኩት። ምነው ያኔ እጇን ይዤ ቁጭ ብዬ ባነጋገርኳት።

ሐሙስም ሆነ፣ ዓርብም ሆነ። ቅዳሜ ደብተሩን ይዤ ወደ ጋሽ ጸጥታ ሄድኩ። መጀመሪያ አላመኑኝም። «ሞተር ሲጠፋ ውሃው መዞሩን ስለሚያቆም ቁጥሩ ለጥቂት ጊዜ ከፍ ይላል፤ እሱ ያለ ነው» አሉ። ከቀደመው ቀን ጀምሮ እንዳልነዳኋት ስነግራቸው መነጽራቸውን አውጥተው ከፍተኛዎቹን ቁጥሮች በጣታቸው እየተከተሉ አነበቧቸው። ሰባ ሁለት፣ ሰባ ሦስት፣ ሰባ አንድ። ከዚያ ደብተሩን ቀስ ብለው ከደኑትና «ይህች መኪና ስትነዳ ሰማንያ ስምንት ነው የምትለው። ናፍጣ ቆሞ ሲሠራ ግን ብዙ አይሞቅም፤ አንድ ሰዓት ብታቆመው ሰባ ምናምን ላይ ይንጠለጠላል። ማንም እየነዳት አይደለም ልጄ። አንድ ሰው ያስነሳትና ዝም ብሎ ይቀመጥባታል» አሉኝ። የዚያን ቀን ማንም ሳያዝዝ ጋራዡ ጸጥ አለ።

እሑድ ከባድ ዝናብ ጀመረ። ውሃ እንዳይገባ ብዬ የቆርቆሮውን ስንጥቅና ቀዳዳ በሙሉ በጆንያና በላስቲክ ደፈንኩ። ይህን ልብ በዪልኝ፤ በገዛ እጄ ነው የደፈንኩት። መስታወት ከመስታወት እንዳይጣበቅ በመሃል የምነሰንሰው ነጭ ዱቄት አለኝ። ከሱ በሾፌሩ ወንበር ላይ፣ በመሪው ላይና ከስር በነዳጅና በፍሬን መርገጫው ላይ ስስ አድርጌ ነፋሁበትና ቆልፌ ወጣሁ። የገባ ሰው ካለ ወይ እጁ ወይ መቀመጫው ይታያል ብዬ ነው።

ሰኞ አሥር ሰዓት ስከፍት ሞተሩ ለብ ብሏል፤ ከፍተኛው አርባ ብቻ ነው፤ ከወትሮው ቶሎ ጠፍቷል። ዱቄቱ ግን እንደነፋሁት አለ። መሪው ላይ የጣት ምልክት የለም። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ የለም። እታለም፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ አርባ ዓመት ያለፈኝ ሰው ነኝ፤ ግን ፊቴን ወደ መኪናዋ እንዳደረግኩ በኋሊት እየተራመድኩ ነው የወጣሁት። ጀርባዬን ልሰጣት አልደፈርኩም።

በር ላይ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ቆማ ነበር። «የአባትህን ልማድ መያዝህ ደስ ይላል» አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ ብጠይቃት፣ አባዬ በሕይወት ሳለ ከምሳ በኋላ ወደ ሥራ ሲመለስ ስምንት ሰዓት ላይ ሞተሩን ያሞቅ እንደነበር፣ አሁንም በዚያው ሰዓት በግድግዳው በኩል እንደምትሰማው ነገረችኝ። ቀጥላም «ወሬያችሁስ ምንድን ነው? እናትህ ትናገርና ዝም ትላለች፤ መልስ ሰምታ ደግሞ ትቀጥላለች። የሌላኛውን ድምፅ ግን መለየት አቃተኝ፤ ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው» አለች።

የዚያን ዕለት ማታ እማዬ ራሴን አዞረኝ ብላ በጊዜ ተኛች። ማክሰኞ ምሳ በልተን ባለቤቴና ልጄ ሄዱ። እኔም እንደ ወትሮዬ እማዬን ደህና ዋዪ ብዬ ወጣሁና ሱቅ ሳልደርስ ዞሬ ከቆርቆሮው ቤት በስተኋላ ቆምኩ። በሚያካፋው ዝናብ ልብሴ እየረጠበ ጠበቅኩ። ስምንት ሰዓት ሲሆን ቁልፉ ሲከፈት ሰማሁ። በሩ ተከፍቶ ተዘጋ። የመኪናው በር ተከፍቶ ተዘጋ። ከደፈንኩት ላስቲክ ጫፉን ሳብ አድርጌ በዓይኔ ልክ ቀዳዳ አበጀሁ።

እማዬ ናት። ለብሳ ነው የመጣችው፤ ኮቷን አድርጋ፣ ሻርፗን አስራ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። የተቀመጠችው ግን በሾፌሩ ቦታ አይደለም፤ ከጎኑ ባለው ወንበር ነው። ከዚያው ሆና እጇን ዘርግታ ቁልፉን አዞረች፤ እኔ ሁልጊዜ ማርሹን ነፃ አድርጌ ነው የማቆማት። የናፍጣ ሞተር ከመነሳቱ በፊት ውስጡ እስኪግል እንደሚጠበቅ ታውቂያለሽ። አሥር እስኪሞላ ቀስ ብላ ቆጠረችና አስነሳችው። ከዚያ በቀዩ ቁጥር ላይ ዓይኗን ተክላ ማንበብ ጀመረች። «ሃያ ሦስት። ገና ነህ፤ ታገስ» አለች። ዝም አለች። «አይሆንም፤ በብርድ አትነሺ ስትለኝ የኖርከው አንተ አይደለህ እንዴ» አለችና ሳቀች። ያን ሳቅ ከልጅነቴ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም።

አሁን የምጽፍልሽን ለባለቤቴም አልነገርኳትም። በሩን ከፍቼ መግባት ነበረብኝ። አልገባሁም። ሩብ ሰዓት ያህል እዚያው ቆሜ አዳመጥኩ። እሷ ሠላሳ ስምንት አለች፣ አርባ ሦስት አለች፣ በየመሃሉ ዝም ትላለች፤ እኔም በዚያ ዝምታ ውስጥ ሌላኛውን ድምፅ እጠብቅ ነበር። ጆሮዬን ቆርቆሮው ላይ ለጥፌ እናቴን ሳይሆን አባዬን ነበር የምጠብቀው። «ሃምሳ ሁለት» አለች። ትንሽ ቆይታ እንደገና «ሃምሳ ሁለት»። ሦስተኛ ጊዜ ስትለው ምላሷ ተያዘ። ከዚያ ዝም አለች፤ ይህኛው ዝምታ ግን እንደ ቅድሙ አይደለም። ያኔ ነው ጭሱ ትዝ ያለኝ። ያን ሁሉ ቀን በስንጥቁ ሲወጣ የነበረውን ጭስ መውጫ ያሳጣሁት እኔ ነኝ።

በሩን እንዴት እንደከፈትኩት አላውቅም። አንገቷ ወደ መስኮቱ ተዘንብሏል፤ ፊቷ አመድ መስሏል። በሮቹን ሁሉ ስበረግድ ዓይኗን በግማሽ ገልጣ «ዝጋው፤ ብርድ ከገባ ቁጥሩ ይወርድበታል» አለችኝ። መኪና ፈልጌ እስካመጣ መጠበቅ አልቻልኩም። የተነሳ መኪና ፊቴ አለ። ነጩ ዱቄት ላይ ቁጭ አልኩና መስኮቶቹን ሁሉ ከፍቼ ወደ ጤና ጣቢያው ነዳሁ።

መንገዱን ታውቂዋለሽ፤ ግማሹ ዳገት ነው። ከመጋቢው መንገድ ሳልወጣ ቁጥሩ ሰማንያ አምስት ደረሰ። በዚያ ጠዋት ውሃውን አላየሁም ነበር። ዳገቱን ስጀምር ዘጠና አንድ አለ፤ ዘጠና አራት። እማዬ ዓይኗን እንደከደነች ነው ብዬ ሳስብ «ዘጠና ስድስት። እግርህን አንሳ» አለች። አነሳሁ። ብንቆም እሷን ለማን እሰጣለሁ? ብንሄድ ሞተሩ ይሞታል፤ እሱ ከሞተ ያው እዚያው መንገድ ላይ ነን። ሾፌር ሁሉ የሚያውቀው አንድ ዘዴ አለ። ሞተር ሲግል የውስጡን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከከፈትሽው ሙቀቱን ወደ ሰው ይተነፍሰዋል፤ ሞተሩ ያርፋል። እጄን ወደ ማሞቂያው ሰደድኩ። እማዬ የእጄን አንጓ ያዘችኝ። ያ የተዝለፈለፈ እጅ ያን ጉልበት ከየት እንዳመጣው አላውቅም። «አትክፈተው ይላል» አለችኝ። «ከኋላ ነው የሚያፈሰው። ሁለት ናቸው፤ የታችኛው ነው፤ እጅ የማይገባበት።»

አልከፈትኩትም። ለምን እንደታዘዝኩ እኔም አላውቅ፤ አነጋገሯ የሷ አልመሰለኝም፤ የአባዬ የትእዛዝ አሰጣጥ ነበር፣ ያ አንዴ ብቻ ተናግሮ የሚተወው። በሁለተኛ ማርሽ፣ እግሬን ከነዳጁ ላይ እያነሳሁ እየመለስኩ ወጣሁት። ዳገቱ ጫፍ ላይ መቶ ሦስት አለ። ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ነውና ማርሹን ነፃ አድርጌ እንዲሁ እየተንከባለልን ወረድን፤ ቁጥሩም አንድ አንድ እያለ ወረደ። እማዬ ዘጠና ሰባት እስኪል ድረስ ስታነብልኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ያነበብኩት እኔ ነኝ፣ እሷ እንዳትተኛ ጮክ ብዬ።

ጤና ጣቢያው ስንደርስ ኦክስጅን ሰጧት። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፣ ነገር የማታበዛ። ጭሱ በሁለት ቀን ይለቃታል አለችኝ፤ እውነትም ለቀቃት። ሌላው ግን እንደማይለቃት ነገረችኝ። አጠገቤ ሆና ጥያቄ ጠየቀቻት። ዓመተ ምሕረቱን እማዬ በአሥራ አንድ ዓመት ወደ ኋላ መለሰችው። የልጆቿን ቁጥር በትክክል ተናገረች። ባለቤቷ የት እንዳለ ስትጠየቅ ደግሞ የማያስቸግር ጥያቄ እንደተጠየቀ ሰው «ውጭ ነው፤ መኪና እያሞቀ» አለች። ሐኪሟ እኔን አየችኝ። እኔ ወለሉን አየሁ። መርሳቱ ቀስ በቀስ እንደሚሄድ፣ መጀመሪያ ቀኑን፣ ቀጥሎ ስምን፣ በመጨረሻ መልክን እንደሚወስድ ነገረችኝ። አንቺ ይህን በሽታ ከኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ፤ እንጀራሽ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግን አእምሮዋ ጠራና አልጋው ላይ ተደግፋ አንድ ነገር አጫወተችኝ። አባዬ በመጨረሻዎቹ አሥራ አንድ ዓመታት በመነጽርም ቢሆን ሩቁን እንጂ ቅርቡን አያይም ነበር። መንገዱን ያያል፤ ዳሽቦርዱን አያይም። ቢታወቅ መንጃ ፈቃዱን ይነጥቁታል፤ እንጀራችን ደግሞ በመኪናዋ ነበር። ስለዚህ ገበያ ነው፣ ዘመድ ጥየቃ ነው እያለች በየቀኑ አብራው ትሄድ ነበር። እኛ «እማዬ ያለ መኪና እግሯ አይነሳም» እያልን የምንስቅባት ለካ እሷ ዓይኑ ነበረች። «መርፌዋን እይልኝ ይለኛል፤ አይለታለሁ። ሌላ ሥራ አልነበረኝም» አለችኝ። ከዚያ ድምጿ ዝቅ አለ። ያረፈ ዕለት እሷ ትኩሳት ይዟት ቀርታ ነበር። ብቻውን ሄደ። ዳር ይዞ፣ ፍሬን ይዞ፣ ሞተሩ እንደሠራ መሪው ላይ ደገፍ ብሎ ያገኙት ያን ቀን ነው። ከልብሱ ጋር ያመጡትን ቁልፍ ማንም ሳያይ ወሰደችው። «አንድ ቀን ብቻ ቀረሁበት» አለች። ልቡ እንደሆነ፣ ሐኪም እንደነገረን፣ እሷ ብትኖርም ባትኖርም እንደማይቀር ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች። የሰማችኝ ግን አይመስለኝም።

ጋሽ ጸጥታ ጤና ጣቢያው በር ድረስ መጥተው መኪናዋን ወሰዷት። ማታውን ጠሩኝ። ከሞተሩ ወደ ማሞቂያው የሚገቡ ሁለት የጎማ ቱቦዎች አሉ፤ ከዳሽቦርዱ ጀርባ፣ እማዬ ተቀምጣ እግሯን ከምታሳርፍበት በላይ። የታችኛው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቷል። ሲያንጠባጥብ የኖረው ምንጣፉ ስር ነበርና ነው ከውጭ ጠብታ ያልታየው። ማሞቂያውን ብከፍተው ኖሮ ያ የፈላ ውሃ በሙሉ የሚፈነዳው እማዬ እግር ላይ ነበር። ጋሽ ጸጥታ ብልህ ሰው ናቸው፤ የረጠበውን ምንጣፍ አሳይተውኝ «እግሯ ርጥበቱ ተሰምቷት ይሆናል» አሉኝ። እኔም ይሆናል አልኩ። ዳሽቦርዱን ለመፍታት ግማሽ ቀን ፈጅቶባቸዋል። ሁለት መሆናቸውንና የታችኛው መሆኑን እግሯ እንዴት እንዳወቀ እሳቸውም አልተናገሩ፣ እኔም አልጠየቅኩ። ዕቃቸውን ሰብስበው ሲያበቁ መኪናዋን በሩቁ ዞረው ሄዱ።

አሁን የቆርቆሮው ቤት በር ተነቅሏል፤ ሁለቱም ቁልፎች አንገቴ ላይ ናቸው። ቱቦዎቹ አዲስ ናቸው። ከሰዓት በኋላ እማዬን ብቻዋን አንተዋትም። መከልከል ግን አልሆነልኝም፤ ስምንት ሰዓት ሲሆን ኮቷን ለብሳ በር ላይ ትቆማለች፤ ቢዘጋባት ታለቅሳለች። ስለዚህ መስታወት የማደርስበትን ሰዓት ወደ ከሰዓት አዞርኩት። ከጎኔ ተቀምጣ ቁጥሩን ታነባለች፣ እኔ እነዳለሁ። አንድም ጊዜ ተሳስታ አታውቅም። የልጄን ስም የምትረሳ ሴት በሰማንያ ሰባትና በሰማንያ ስምንት መካከል ያለውን አትስትም። ባለፈው ዓርብ ዳገቱ ላይ «ሰማንያ ዘጠኝ» ስትል «አይቼዋለሁ እማዬ» አልኳት። ዘወር ብላ በትሕትና፣ እንግዳን እንደሚያናግሩ ሁሉ፣ «ላንተ አይደለም» አለችኝ። መሪዬን ይዤ ነዳሁ።

እንግዲህ የምለምንሽ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከሱ ጋር ስታወራ ላርማት ወይስ ልተዋት? ባለቤቴ ተዋት ትላለች፤ ጋሽ ጸጥታ ምንም አይሉም፤ እኔ ደግሞ አንዳንድ ቀን ማረም የሚያስፈልገው ማን እንደሆነ ይጠፋኛል። አንቺ ከእንዲህ ያሉ ሰዎች ጋር ስለምትውዪ ያየሽውን ጻፊልኝ። ሁለተኛ፣ እንደምንም ብለሽ በዚህ ዓመት ነይ። የመልኩ ጊዜ ሳይደርስ ነይ። አሠሪዎችሽ ፈቃድ ይከለክሉኛል እንዳትዪኝ፤ የሰው እናት አሥር ዓመት ሙሉ ስታገላብጪ ኖረሻል፤ አንድ ወር ለራስሽ እናት ጠይቂያቸው።

ባለቤቴ እጅግ አድርጋ ሰላም ትልሻለች፤ የላክሽላት ሹራብ ልክክ ብሎላታል። ልጄ ሰላም ትልሻለች፤ በስሟ ሁለት ጊዜ ሳምልኝ ብላለች። ልብስ ሰፊዋ ስትመጪ ያለ ክፍያ ቀሚስ እሰፋላታለሁ ብላለች፤ እንዳትረሺባት። ጋሽ ጸጥታም ሰላም ብለውሻል፣ ባጭሩ።

እማዬ አሁን ከባለቤቴ ጋር መንገዱን ተሻግራ መጥታ እዚህ አጠገቤ ቆማለች። ለማን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ። ላንቺ መሆኑን ስነግራት ስምሽን ሙሉውን ጠራችው፤ የቁልምጫውንም ጨምራ። ጉልበቷን በሙቅ ውሃ ትንከረው፣ ትብላ፣ ትተኛ በላት አለችኝ፤ ጻፍኩ። ጉንጯን ሳምልኝ አለች፤ ጻፍኩ። ከዚያ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትንሽ አዳመጠችና «አባትሽ ሰላም ብሎሻል በል» አለችኝ። ብዕሬን ይዤ ብዙ ቆየሁ። እሷ ወረቀቱን እያየች ጠበቀችኝ።

አባዬ ሰላም ብሎሻል።

ታናሽ ወንድምሽ
ከሱቄ፣ ከቤታችን ፊት ለፊት
ሐሙስ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አራተኛው ቀን